አምፖሉን ማን አለበሰው?

እዚህ ናይሮቢ ሱቄ ውስጥ ባለ ቀለም አባጆራ ሲያዩ ብዙ ደንበኞች «ቲፋኒ ነው ወይ?» ይሉኛል። የእኔው ፕላስቲክ ነው፤ አልዋሽም። ጥያቄው ስለተደጋገመብኝ ግን የዋናውን ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ፤ ለኢዮቤልዩ መጽሔታችንም ይሆናል ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ። ዘመኑን የጠቀስኩት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤዲሰን በ1879 አምፖሉን ሠርቶ ካሳየ በኋላ ብርሃኑ አዲስ ይሁን እንጂ ልብሱ ለብዙ ጊዜ የድሮው ነበር። ሠሪዎቹ የሻማ መቅረዝና የጋዝ ፋኖስ ቅርጽ እያለበሱ ይሸጡት ነበር። ይሁንና አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። ኩራዝ ገልብጦ የሚሰቅል ሰው የለም፤ ጋዙ ይፈሳል፣ እሳቱም የሚነደው ወደ ላይ ነው። አምፖል ግን ተዘቅዝቆም ይበራል። ይህን በሚገባ ከተጠቀሙበት አንዱ የኒውዮርኩ የብርጭቆ ጥበበኛ ሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ ነው። ድርጅቱ በ1902 ኢጣሊያ ውስጥ ቱሪን ላይ ያሳየው መብራት የነሐስ ግንዶቹ ወደ ላይ ወጥተው ይጎነበሳሉ፤ በየጫፋቸው የአበባ ቅርጽ ያለው ብርጭቆ አፉን ወደ ታች ደፍቶ አምፖሉን ይይዛል።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ዊስቴሪያ የሚባለው ነው። ዊስቴሪያ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል ሐረግ ነው፤ ቀለሙ እዚህ መንገድ ዳር እንደምናየው ጃካራንዳ ሐምራዊ ነው። የመብራቱ እግር የዛፍ ግንድ የመሰለ ነሐስ ሲሆን፣ ቆቡ ወደ 2,000 ከሚጠጉ ቁራጭ ብርጭቆዎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ተመርጦ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በስስ መዳብ ይጠቀለላል፣ ከዚያም እርስ በርሱ ይበየዳል። እኔም ነጋዴ ነኝና ዋጋውን ሳልጠቅስ አላልፍም፦ በ1906 400 ዶላር ነበር!

በመብራቶቹ ላይ የታተመው የቲፋኒ ስም ብቻ ነው። የዊስቴሪያን ንድፍ ያወጣችው ግን ክላራ ድሪስኮል የምትባል የኦሃዮ ሴት ናት። በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የተሸለመው፣ ኩሬ ላይ የሚያንዣብቡት ባለ አራት ክንፍ በራሪ ነፍሳት ያሉበት መብራትም የእርሷ ነው። ብርጭቆ መርጠው የሚቆርጡትን ሴቶች ክፍል ትመራ ነበር። በድርጅቱ ደንብ ያገባች ሴት ሥራዋን ትለቅ ስለነበር እርሷም ስታገባ ወጣች፤ ባሏ በ1892 ሲሞት ተመለሰች። በ1903 የወንዶቹ የሠራተኛ ማኅበር ሴቶቹ መስኮት እንዳይሠሩ ተነሣባቸው። ክፍላቸው ባይዘጋም ቁጥራቸው ከ27 እንዳያልፍ ተወሰነ። በ1909 ዳግመኛ ስታገባ ለመጨረሻ ጊዜ ለቀቀች።

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ታወቀ? በደብዳቤ ነው። ክላራ ለእናቷና ለእኅቶቿ ትጽፍ ነበር። የብስክሌት ጉዞዋን፣ የተከራየችበትን ቤት ምግብ፣ በዚያ ቀን የጀመረችውን መብራት ሳይቀር ትነግራቸዋለች። ደብዳቤው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ይነበባል። በስልክ ሳንቲም ሰበብ ደብዳቤ እንጽፍ የነበርን ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ችግሩ የእኛዎቹን ማን እንዳስቀመጣቸው ነው። የእርሷን ቤተሰቦቿ አስቀምጠውላታል። ተመራማሪዎች በ2005 አግኝተው አነበቧቸው፤ በ2007 ኒውዮርክ ውስጥ በስሟና በባልደረቦቿ ስም ትልቅ ኤግዚቢሽን ቀረበ። ያው ሙዚየም በ2017 ወደ 100 የሚሆኑ የቲፋኒ መብራቶችን የያዘ አዳራሽ ሲከፍት የክላራን ታሪክም እዚያው አብሮ አቀረበ።