ከምስክርነት በፊት ያለው እርማት፦ በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች የውስጥ ጥራት ጥበቃ ታሪክ

በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት አንድ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን በየትኛውም ጉባኤ ሊቀጽል ይችላል፤ በመምህርነት ለመቀመጥ ግን በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ይገባዋል። በዚህ ጥንታዊ ልማድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ይታያሉ። አንደኛው መምህሩና አስቀጻዩ የተማሪውን ቀለም በየዕለቱ እየሰሙ የሚያቀኑበት የጉባኤው የውስጥ ጥበቃ ነው። ሁለተኛው ከጉባኤው ውጭ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክሩ የድካሙን ፍሬ ይመዝናል እንጂ የየዕለቱን እርማት አይተካም። የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ታሪክም ሲመረመር ዋናው ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ሆኖ ይገኛል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፥ ከመምህራኑ ብዙዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ስለነበሩ የትምህርቱም መለኪያ አብሯቸው የመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቋቋሙት ኮሌጆችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለኪያ ያዙ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተደራጀው በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ሲሆን፥ የሕንፃ ኮሌጁ ከስዊድን ጋር፥ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎች ረጂዎች ጋር የተሳሰረ ነበር። ስለዚህ በ1954 ዓ.ም. እነዚህ ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር በተሰባሰቡ ጊዜ፥ ችግሩ የአስተዳደር ብቻ አልነበረም። ከተለያዩ አገሮች ልማድ የተቀዳ ማርክና ዲግሪ እንዴት በአንድ ሚዛን ይመዘናል የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሣ።

በዚያን ጊዜ «የውስጥ ጥራት ጥበቃ» የሚለው ስያሜ አልተለመደም። ተግባሩ ግን በመምህራን ጉባኤዎች እጅ ነበር። አዲስ ትምህርት ሲታቀድ፥ ማርክ ሲጸድቅ፥ ተማሪ ሲባረር ወይም ሲመለስ ውሳኔው ሙያውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ይቀርብ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት፥ አብዛኛውን ጊዜም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት በማስተማር፥ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በዚህም ምክንያት የተማረው ትምህርት ለአገሩ ኑሮ ምን ያህል እንደሚበጅ ገና ዩኒቨርሲቲውን ሳይለቅ ይፈተንበት ነበር።

የዚህ ዘመን ድካም ልማዱ በጽሑፍ ሳይሆን በሰዎች ዘንድ መኖሩ ነው። ሰዎቹ ሲለዩ ልማዱም አብሮ ይለያል። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በ1969 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቁሞ የተቋሞቹ አመራር ወደ ማዕከል ተጠቃለለ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ መምህራን ተሰደዱ፤ የሞቱና የታሰሩም ነበሩ። ከለውጡ በኋላም በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የሆኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። አንድ ነባር መምህር ከጉባኤው ሲጎድል የሚጐድለው የማስተማሪያ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የወጣቱን መምህር የፈተና ወረቀት አይቶ «ይህ ጥያቄ ተማሪውን አይለይም» የሚለው ዓይንም አብሮ ይጐድላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካስከተለው መስፋፋት የተነሣ፥ ቀድሞ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥራቸው ከ40 በላይ ደረሰ፤ የግል ተቋሞችም ተበራከቱ። በትንሽ ጉባኤ መተዋወቅ ላይ የተመሠረተው ልማድ ይህን ብዛት ሊሸከም አልቻለም። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። ኤጀንሲው የተከተለው አሠራር ተቋሙ በመጀመሪያ ራሱን ገምግሞ ጽሑፍ እንዲያቀርብ፥ ከዚያም ከውጭ የመጣ ቡድን ጽሑፉን ከእውነታው ጋር እንዲያመሳክር ነበር። ከተመረጡት 10 የምርመራ ዘርፎችም አንዱ ራሱ የውስጥ ጥራት ጥበቃ ነበር። አዋጅ ቁጥር 650/2001 ደግሞ እያንዳንዱ ተቋም አስተማማኝ የውስጥ የጥራት ማጎልበቻ ሥርዓት እንዲኖረው በግዴታ ደነገገ። በ2014 ዓ.ም. የኤጀንሲው ተግባር ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላልፏል።

በዚህ መንገድ ቀድሞ በልማድ የነበረው ነገር ሕግ፥ ጽሕፈት ቤትና ቅጽ አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ይኸውም ጥራት የአንድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ ማሳደሩ ነው። የግምገማው ጽሑፍ የሚዘጋጀው መርማሪ ቡድን ሲመጣ ብቻ ከሆነ፥ ተማሪዎች ስለ መምህራቸው የሚሞሉት ቅጽም ታሽጎ የሚቀመጥ ከሆነ፥ ተቋሙ ለእንግዳ ቤቱን ጠረገ እንጂ ራሱን አልመረመረም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች የተሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ጉዳይ በግልጽ አውጥቶታል። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 61,054፥ ማለትም 40.65 ከመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋሞች 62.37 ከመቶ፥ ከግል ተቋሞች 17.2 ከመቶ አልፈዋል። ወድቀው የተገኙት ተማሪዎች ግን ለዓመታት በየተቋሞቻቸው የየሴሚስተሩን ፈተና ሲያልፉ የቆዩ ናቸው። እንግዲህ በውስጥ የተሰጠው ማርክና በውጭ የተሰጠው ምስክርነት ሊገናኙ አልቻሉም። አኃዙ ብቻውን ፍርድ መስጫ አይሆንም፤ ወደ ተቋሞቹ የሚገቡት ተማሪዎች ዝግጅት እኩል አይደለምና። ሆኖም ልዩነቱ የት እንደ ተጀመረ ሊያሳይ የሚችለው የመጨረሻው ፈተና ሳይሆን የየትምህርት ክፍሉ መዝገብ ነው። ተማሪው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መጨረሻ መውደቁ ሲታወቅ የእርማቱ ጊዜ አልፏል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለእቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት በጥቂት ተግባሮች ሊጠቃለል ይችላል። የፈተና ወረቀት ከመታተሙ በፊት በሌላ የሙያ ባልደረባ ይታይ። ማርክ ከመጽደቁ በፊት ሥርጭቱ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ይመርመር። የተማሪዎች አስተያየት ለመምህሩ ይድረስ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደ ተለወጠም በጽሑፍ ይመዝገብ። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅ ስለሆነ እቅድ አውጪው በመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ሊቆጥረው ይገባል። ያለዚያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ፥ ቀጥሎም የሚረሳ ሥራ ይሆናል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ይህን ልማድ ለሠልጣኞቻቸው በንግግር ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ፈተናና ማርክ ላይ ሲፈጽሙት ሊያሳዩአቸው ይገባል። ሠልጣኙ ነገ በሚመደብበት ትምህርት ቤት የሚደግመው ያየውን ነውና።

የድጓው ተማሪ ወደ ቤተልሔም የሚሄደው በጉባኤው ብዙ ጊዜ ታርሞ ነው። የመውጫ ፈተናም ሆነ የባለሥልጣኑ ምርመራ ትርጉም የሚኖራቸው በተቋሙ ውስጥ እንዲህ ያለው እርማት ሲቀድማቸው ብቻ ነው።