ዋናው የት አለ?

ባለፈው ገና ከአዲስ አበባ ወደ ዛሪማ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የፀጉር መያዣ ነበር። የያዝኩት ግን ለፀጉሬ አልነበረም። መርካቶ በርካሽ የገዛሁትን ረጅም፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ፕላስቲክ ቀለም ነፍቼበት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ በስሪ-ዲ ፕሪንተር ያወጣኋቸውን ሁለት ቁልፍ መሳይ ነገሮች ለጥፌበት፣ የጆርዲን መነጽር ሠርቼ ነበር።

ጆርዲ ላ ፎርጅን ለማታውቁት፦ ከ1987 እስከ 1994 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታየው «ስታር ትሬክ፦ ቀጣዩ ትውልድ» ላይ የጠፈር መርከቧ ዋና መሐንዲስ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» ካላልኩ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው)። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ የሚያየው ዓይኑ ላይ በሚያጠልቀው ወርቃማ መሣሪያ ነው። ገጸ ባሕሪውን የሚጫወተው ሌቫር በርተን፣ ያው «ሩትስ» ላይ ወጣቱን ኩንታ ኪንቴን የሆነው ሰውዬ ነው። እኔ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ዶርም ለዶርም በሚዞር ሃርድ ዲስክ ነበር። የሰርኪዩት ፈተና ባበላሸሁበት ሳምንት፣ ጥቁርም ዓይነ ስውርም የሆነ፣ ግን መርከቧ በተበላሸች ቁጥር ሁሉም ስሙን የሚጠራው መሐንዲስ ሳይ ምን እንደተሰማኝ ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

ደግሞ ስለ መነጽሩ የምወደው ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ ለማያየው የሚያሳየው ዕቃ፣ በቀረጻው ቦታ ላይ የሚያየውን ሰው አሳውሮት ነበር። በርተን መነጽሩን ሲያደርግ አብዛኛው እይታው ይከለል እንደነበር፣ ራስ ምታትም ይጀምረው እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ሊማሊሞን ወርደን ቆላው ሙቀት ውስጥ ስንገባ ይኼንን ሁሉ ለአያቴ እነግራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አያቴን «እምዬ» ነው የምንላቸው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የእምዬም ዓይን በዚሁ ማዝ ደክሞ ዛሬ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ሌላውን በእጃቸው ነው የሚያዩት። ቦርሳዬን ሳራግፍ መነጽሩ እጃቸው ገባ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«መነጽር ነው እምዬ። ዓይነ ስውር የሚያይበት።»

ዝም አሉ። ለማን ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ያሳያል?»

«አያሳይም። የፊልም ነው። እሱንም እኔ አስመስዬ ነው የሠራሁት።»

«ዋናውስ የት አለ?»

«ፊልሙን የሠሩት ጋ። ግን እሱም አያሳይም።»

ሳቁ። «እንግዲያ ያንቺው የውሸት ውሸት ነዋ!» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አስመስሎ መሥራት ካወቅሽበትስ የቴዎድሮስን ዘውድ ሥሪልኝ። እሱ እንኳ ዋና አለው።»

ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን አዲስ አበባ ተመልሼ ፋይል ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያወቅሁት ነገር፣ «የቴዎድሮስ ዘውድ» ስንል ሁለት ሦስት ነገር እንደምንቀላቅል ነው። የእኛ አገር ሰው ዘውድ ሲባል የሚያስበው ደረስጌን ነው፤ ከዛሪማ ቀና ሲሉ ከሚታየው ተራራ ወዲያ፣ ጃናሞራ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት እንደነበር ይነገራል። ጳጳሱን አቡነ ሰላማንም በ1841 ከግብፅ ያስመጡት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም ነበሩ፤ የቀረው መንገሥ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉ፤ በቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። በቲያትር ቋንቋ ካየነው፣ መድረኩ ተሠርቶ አልቆ ተዋናዩ ብቻ ተቀየረ።

ይኼን ሳነብ ዘውድና የጆርዲ መነጽር ያን ያህል እንደማይራራቁ ታየኝ። ዘውድ ጥይት አይመልስም፣ ፀሐይም በደንብ አይከልልም። የሚሠራው ያየው ሰው ሁሉ «አዎ፣ ንጉሥ ነው» ሲል ብቻ ነው።

ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ ግን የደረስጌው ነው ማለት አይቻልም። ሙዚየሙ ራሱ እንደሚለው በ1740ዎቹ ገደማ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት ሳይሆን አይቀርም። ዓፄ ቴዎድሮስ የየአድባራቱን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሲሰበስቡ እሱም አብሮ ተራራ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ንጉሡ ራሳቸውን አጠፉ፤ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ዘረፈ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጓል። ሌላ፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ በ1925 ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል። የወርቁ ቀረ። በ1871 የራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ፓርላማ ውስጥ ቆመው እነዚህ ዕቃዎች ከአቢሲኒያ በመምጣታቸው ማዘናቸውን ቢናገሩም፣ ቀረ።

ከዚህ ቀጥሎ ያገኘሁት ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ይኸው ሙዚየም (ያኔ ስሙ ሳውዝ ኬንሲንግተን ነበር) የዓለም የቅጂ አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል በ1867 ፓሪስ ላይ የአውሮፓ ልዑላንን አንድ ስምምነት አስፈረመ። ሐሳቡ ቀላልና ቆንጆ ነው፦ እያንዳንዱ አገር የድንቅ ሥራዎቹን ቅጂ በጄሶና በኤሌክትሮ ልባጥ እየሠራ ከሌላው ጋር ይለዋወጥ፤ ዋናው ባለበት ይቆይ፣ ዕውቀቱ ይዙር። ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ የሚካኤል አንጀሎ ዳዊት አለ፤ ጄሶ ነው። የሮማው የትራያን ዓምድ አለ፤ እሱም ጄሶ ነው፣ ከቁመቱ የተነሳ ለሁለት ተከፍሎ የቆመ። ዋናዎቹ ፍሎረንስና ሮም ናቸው።

ስምምነቱ 1867። መቅደላ 1868። ለፍሎረንስ በጄሶ የተጉት ሰዎች ሙዚየም የጎንደርን ዘውድ ዋናውን ያዘ። ለእኛ ሲሆን ሕጉ ተገለበጠ፤ እነሱ ጋ ዋናው፣ እኛ ጋ ቅጂው እንኳ የለም።

ታሪክ ሲደገም ደግሞ የዓመቱን ልዩነት እንኳ አልቀየረም። በ2017፣ በኮል ስምምነት 150ኛ ዓመት፣ ሙዚየሙ በዲጂታል ቅጂ ዘመን ስለ ቅርሶች መቅዳት አዲስ የጋራ መግለጫ አወጣ። በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስቦ ዘውዱን የጨመረ ልዩ ዐውደ ርዕይ ከፈተ፤ ዳይሬክተሩም ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ አሉ። የኢትዮጵያ ጥያቄ ግን ማዋስ ሳይሆን መመለስ ነበር። በዚያው ዓመት «ብላክ ፓንተር» ሲኒማ ገብቶ ነበር። የንግሥት ራሞንዳ ዘውድ በስሪ-ዲ ፕሪንተር የታተመ መሆኑን ያኔ አንብቤ ተደንቄያለሁ። ለሌለ አገር ንግሥት ዘውድ ይታተማል። ያለ አገርስ?

በቃ፣ ልሞክር አልኩ። ለንደን የሚኖር የዶርም ዘመን ጓደኛዬን ለመንኩት። አንድ ቅዳሜ ሄዶ በስልኩ 60 ያህል ፎቶ አነሳልኝ። ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ዘዴ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ፕሮግራሙ በብዙ ፎቶዎች ላይ ያንኑ ነጥብ ይፈልጋል፣ ነጥቡ ከፎቶ ፎቶ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፣ ከሺዎች ነጥብ ቅርጹን ይገነባል። ችግሩ መስታወትና ወርቅ ናቸው። ነጸብራቅ ከዕቃው ጋር አይቆምም፤ ካሜራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፕሮግራሙ የኮርኒሱን መብራት የዘውዱ ጌጥ መስሎት አብሮ ያሰላዋል። የመጀመሪያው ሙከራ ያወጣልኝ የቀለጠ ጧፍ የመሰለ ነገር ነው። ሁለት ወር ማታ ማታ ፎቶ ሳጸዳ፣ በእጄ ነጥብ ስለቅም ከርሜ ፊቱ ተገኘ፤ ደረጃ በደረጃ የሚነሳው ቅርጽ፣ ተወጥተው የተሠሩት የቅዱሳን ምስሎች። ጀርባውን ግን መስታወቱ በላው።

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንዱ ፊቱን ገልብጦ ጀርባ ላይ መለጠፍ፤ የአንድ መስመር ኮድ ነው። ሞከርኩት። በጣም ያምራል፣ ኢንስታግራም ላይ ብለጥፈው ማንም አያውቅብኝም። ግን ጠጋ ብዬ ሳይ ፊት ያሉት ቅዱሳን ጀርባም ያው ራሳቸው ነበሩ፤ አንድ ጻድቅ በአንድ ዘውድ ላይ ሁለት ጊዜ። ያ የጎንደር አንጥረኛ ያልሠራውን ሥራ በስሙ እየፈረምኩበት ነበር። አጠፋሁት። ጀርባውን ልሙጥ አድርጌ ተውኩት።

ለጆርዲ መነጽር እንዲህ አልተጨነቅሁም። እዚያ የጎደለውን ከራሴ ሞላሁ፤ ዋናውም ፈጠራ ነውና ማንንም አልዋሸሁም። ዘውዱ ጋ ግን የማላውቀውን ብሞላ ውሸቱ ታሪክ ሆኖ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ እምዬ ይታዘቡኛል፤ እኛ ቅጂ የምንንቅ ሕዝብ አይደለንም። በየደብሩ መንበር ላይ ያለው ታቦት የጽላተ ሙሴ አምሳል ነው። ላሊበላ ኢየሩሳሌምን አምሳ የተሠራች ናት፤ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝም አላት። አምሳሉ በቡራኬ ሙሉ ይሆናል፣ ማንም «ዋናው አይደለም» ብሎ አይሰግድም አይልም። ይህንን የማያውቅ ሰው ነው የብሪቲሽ ሙዚየምን ነገር የማይረዳው። እዚያ ከመቅደላ የሄዱ 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ገብተው አያዩአቸውም። የማሳያ ቤት ሊያሳየው የማይችለውን ዕቃ ያስቀምጣል ማለት ነው። ኤድንብራ ውስጥ አንድ ቄስ በ2001 ቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ሌላ የመቅደላ ታቦት አገኙ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ማንም ቅጂ አስቀርተን እንላክ አላለም። ቄሱ ያገኙትን መለሱ፣ አለቀ።

ቅጂ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ይሂድ። እዚያ ያለው ሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ጋፋት ላይ የተቀለጠው፣ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝነው፣ ለወራት ተራራ ለተራራ የተጎተተው ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። እሱን የሚጭን ዝሆን ሳይጠፋ አልቀረም። ዋናው በቦታው፣ ቅጂው ተራራውን መውጣት ለማይችል። ሄንሪ ኮል ፓሪስ ላይ ያስፈረመው ነገር ይኸው ነበር።

ለፋሲካ እንደገና ሊማሊሞን ወረድኩ። ዘውዱን በአራት ቁራጭ አትሜ፣ አጣብቄ፣ ወርቃማ ቀለም ነፍቼ በካርቶን ይዤዋለሁ። እምዬ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ተባርኳል?»

«አልተባረከም እምዬ። ፕላስቲክ ነው።»

«እንግዲያ ቆብ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው መሄድ ጀመረ። ምስሎቹን ሲያገኙ ሳቁ ቆመ። አንዱን ፊት በአውራ ጣታቸው ዞሩት፣ የሚቀጥለውን፣ የሚቀጥለውን። ማን ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ሐዋርያትና ወንጌላውያን አሉበት አልኳቸው። ቀስ እያሉ እያዞሩ ጀርባው ጋ ደረሱ። ጣታቸው ተንሸራተተ። መልሰው ዳሰሱት፣ በመዳፋቸውም ሞከሩት።

«ከዚህ ወዲያስ?»

«እሱን አላገኘሁትም። መስታወት ውስጥ ነው ያለው፣ አይታይም።»

«ለእነሱ ይታያል?»

«ይታያል።»

እጃቸውን ከልሙጡ ላይ አላነሱም። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ እዚያው እንደያዙ ቆዩ። በኋላ ዘውዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «አስቀምጪው» አሉኝ። «የቀረውን ሲመጣ ትጨርሺዋለሽ።»