የወረዳችሁ የትምህርት ዕቅድ እንዴት ይሠራል? ከቁጥሩ እስከ ፊርማው

በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ት/ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም የሚያልፈው ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ውጤት በወጣ ቁጥር ጭቅጭቁ ስለ ፈተናው ነው። እነዚህ ልጆች በስንት ክፍል፣ በስንት መምህር፣ በስንት መጽሐፍ እንደሚማሩ የሚወሰነው ግን ከፈተናው ብዙ ዓመት በፊት፣ ብዙ ሰው አይቶት በማያውቀው አንድ ሰነድ ላይ ነው። እሱም የወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ስትራቴጂክ ዕቅድ ነው።

ሰነዱ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንይ።

መጀመሪያ ከላይ የሚመጣው። ትምህርት ሚኒስቴር ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የሚባል የአገር አቀፍ ዕቅድ ሲያወጣ ቆይቷል። ስድስተኛው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም የተዘረጋ ነበር። በዚያ ላይ የተቀመጠው ግብ ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ። ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ ነው፦ ተሳትፎን ከዚህ ወደዚህ ማድረስ፣ ማቋረጥን ከዚህ በታች ማውረድ። የወረዳው ባለሙያ ዕቅዱን መጻፍ ሲጀምር እንግዲህ ባዶ ወረቀት አይደለም የያዘው። መድረሻው ተሰጥቶታል፣ መንገዱን ነው የሚፈልገው።

ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት የሚሉትን የመጀመሪያ ገጾች እለፏቸው። የአንዱ ወረዳ ከሌላው ብዙም አይለይም።

ዋናው ነገር የሚጀምረው «ነባራዊ ሁኔታ» በሚለው ምዕራፍ ነው። እዚያ የመነሻ ዓመት ቁጥሮች አሉ፤ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ስንቱ ደገመ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ። ቁጥሩን የሚሞሉት ት/ቤቶች ናቸው። በየዓመቱ ቅጽ ይሞላሉ፣ ወረዳው ይሰበስባል፣ ወደ ላይ ይልካል። የት/ቤት ድጎማ ገንዘብ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር በመሆኑ የተመዘገበና በእርግጥ የሚማር ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። መስከረም ላይ ስሙ የተጻፈ ልጅ ጥር ላይ ከብት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ምዕራፍ ሁለት ቃላት ብትይዙ ይበቃል፦ ጥቅል የተሳትፎ ምጣኔ እና ንጥር የተሳትፎ ምጣኔ። በምሳሌ እንየው። በአንድ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 10,000 ልጆች አሉ እንበል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የተመዘገቡት ግን 10,800 ናቸው፣ ምክንያቱም 2,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከዚያ ያለፈ ወይም ያልደረሰ ነው። ጥቅል ምጣኔው 108 በመቶ ይሆናል። እንዴት ከመቶ ይበልጣል አትበሉ፣ ይበልጣል። ንጥሩ ግን 88 በመቶ ነው፤ 1,200 ልጆች ቤት ቀርተዋል ማለት ነው። ስብሰባ ላይ የሚነበበው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ከዚህ የባሰም አለ። ያ 10,000 የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ የተቆጠርነው ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበርን። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የወረዳው ልጆች ብዛት ተብሎ ዕቅድ ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ የተሰላ ትንበያ ነው። በመሃል ከተማው አድጎ፣ ኢንቨስትመንት መጥቶ፣ ተፈናቃይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። በምሳሌያችን እውነተኛው የልጆች ቁጥር 12,000 ከሆነ ንጥር ምጣኔው 88 ሳይሆን 73 በመቶ ገደማ ነው፣ ቤት የቀሩትም 3,200 ይሆናሉ። ዕቅዱ የማያውቃቸው 2,000 ልጆች አሉ ማለት ነው። ክፍል አይሠራላቸውም፣ መጽሐፍ አይታዘዝላቸውም።

አንዳንድ ጎበዝ ወረዳዎች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብ ወይም በቤት ለቤት ቆጠራ ቁጥሩን ያመሳክራሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ዕቅድ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይኼ ነው።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ወደ ፊት ይተነበያል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ይሠራል። አሁንም ምሳሌ ነው፤ በወረዳው ዘንድሮ 8ኛ ክፍል 2,400 ተማሪዎች አሉ። ከመቶው 75ቱ ቢያልፉ በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ክፍል 1,800 ይገባሉ። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። 1,800 ለ40 ሲካፈል 45 ክፍል ይፈለጋል። ወረዳው ለ9ኛ ክፍል ያለው 30 ክፍል ብቻ ከሆነ 15 ይጎድላል። የጎደለው ክፍል ብቻም አይደለም። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሰጥና አንድ መምህር 25 ክፍለ ጊዜ ቢይዝ፣ ለተጨማሪዎቹ 15 ክፍሎች 3 የሒሳብ መምህራን መቀጠር አለባቸው። እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ እያላችሁ ቀጥሉ።

አሁን ተመልከቱ። ያው ወረዳ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ብሎ ቢያቅድ 1,800 ለ60 ሲካፈል ልክ 30 ይመጣል። እጥረት የለም! በፈረቃ ላስተምር ቢል ደግሞ 23 ክፍል ይበቃዋል፣ እንዲያውም 7 ይተርፈዋል። ሕንፃው ያው፣ ልጆቹም ያው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት የተለያየ ወረዳ አለ። በዕቅዱ ላይ «የክፍል እጥረት ተቃሏል» የሚል ስታነቡ በስንት ተማሪና በስንት ፈረቃ ተሰልቶ እንደሆነ ፈልጉ። በአብዛኛው ሠንጠረዡ ውስጥ አለ፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን የለም።

እሺ፣ ብሩስ?

ከ1994/95 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ወረዳዎች ከክልላቸው ጥቅል በጀት እየተቀበሉ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃ ራሳቸው ያከፋፍላሉ። ከዚህ ውስጥ ትምህርት ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ነው፣ መምህር ብዙ ነውና። ችግሩ የሚወስደውን መልሶ ደመወዝ ይበላዋል። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው፣ ለሱፐርቫይዘር ትራንስፖርት፣ ለወረቀት፣ ለቤተ ሙከራ ዕቃ የሚሆነው፣ በጣም ትንሽ ነው። አዲስ ክፍል ለመሥራት ካፒታል በጀት ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ዕቅዱ ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብሎ ይጻፋል። ሲተረጎም ድንጋይና እንጨት የሚያቀርበው፣ ጉልበትና ገንዘብ የሚያዋጣው ወላጅ ነው። የገጠር ት/ቤቶቻችን ብዙ ክፍሎች የቆሙት በዚህ መንገድ ነው፣ ሊናቅ አይገባም። ግን ድርቅ በገባበት ዓመት ገበሬው የሚያዋጣው የለውም፤ ዕቅዱ ላይ ያለው የተሳትፎ ብር ግን ያው ነው።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአምስት ዓመቱ ዕቅድ ወደ ዓመታዊ ዕቅድ ተቆራርጦ ከበጀቱ ጋር በወረዳው ካቢኔ ያልፋል፣ ከዚያ የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ፊርማው እዚህ ነው። የምክር ቤት አባላቱ የቀበሌያችሁ ተመራጮች ናቸው። ትምህርት ጽ/ቤቱ 15 ክፍል ጠይቆ ለ4 ብቻ ብር ሲጸድቅ ያ የሚታየው በዚህ ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ «ከዕቅዱ አንጻር» እያለ የሚለካው ከ4ቱ እንጂ ከ15ቱ አይደለም።

ዕቅድ የማያየው ነገርም ይመጣል። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ት/ቤቶች ተዘግተው ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። በትግራይም በኮሮናና በጦርነቱ ዓመታት ተዘግተው የቆዩ አሉ። አንድ ት/ቤት ሁለት ዓመት ሲዘጋ ጉዳቱ ሁለት ዓመት ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን 1ኛ ክፍል ገቢዎች ዘግይተው፣ ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ላይ ይመጣሉ። አንደኛ ክፍል ይጨናነቃል፣ ጥቅል ምጣኔው ከመቶ ይዘላል፣ ሪፖርቱ ያማረ ይመስላል። ጭንቅንቁ በየዓመቱ አንድ ክፍል እያለፈ ከስምንት ዓመት በኋላ 9ኛ ክፍል ይደርሳል፤ ያኔ ያ ዕቅድ አልቆ ሌላ ተጀምሯል። ከግጭት የወጣ ወረዳ የድሮውን መነሻ ዓመት ይዞ ቢያቅድ በሌለ ት/ቤት ላይ ነው የሚያቅደው።

የጥራት ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ወረዳዎች የሚገመገሙት ስንት ልጅ አስገቡ በሚለው ነበር፤ በእርግጥም ብዙ ልጅ ገብቷል፣ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ2006 ዓ.ም ወዲህ በኢንስፔክሽን ት/ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ 4 ይመደባሉ፣ አብዛኞቹ ያሉት ደረጃ 1 እና 2 ላይ ነው። አሁን ዕቅዶች ላይ «ደረጃ 2 የሆኑትን ወደ 3 ማሳደግ» የሚል ግብ የሚታየው ለዚህ ነው። ግቡ ጥሩ ነው፣ የማሳደጊያው ወጪ ከጎኑ ካልተጻፈ ግን ምኞት ነው።

ይኼን ሁሉ እናንተ ከየት ታገኙታላችሁ? በጣም ቅርቡ በር ራሱ ት/ቤታችሁ ነው። እያንዳንዱ ት/ቤት የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም በሚባለው ግለ ግምገማ አካሂዶ የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድና የየዓመቱን የድርጊት መርሐ ግብር ማዘጋጀት አለበት። የሚገመገመው በአራት ርዕስ ነው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። በግለ ግምገማው ላይ መምህራንና ወላጆች ብቻ ሳይሆኑ ተማሪዎችም ሐሳብ እንዲሰጡ ነው አሠራሩ የሚለው። ርዕሰ መምህሩን ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱን ጠይቁ፤ በብዙ ት/ቤት የዘንድሮው ዕቅድ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ከወረዳው ጽ/ቤት ደግሞ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የ1ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቁጥር ብቻ ጠይቁ። በእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ከላይ ያየነውን የ9ኛ ክፍል ስሌት ለራሳችሁ ወረዳ መጀመር ትችላላችሁ።