የግዳጅ ውትድርናን ያስቀረው ሒሳብ

ሚልተን ፍሪድማን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስለ ገንዘብ አቅርቦትና ስለ ዋጋ ንረት የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ያገኘውን የኖቤል ሽልማት፣ መንግሥት እጁን ከገበያ እንዲያወጣ ያደረገውን የዕድሜ ልክ ሙግት ነው። ይሁንና የገንዘብን መጠን እየለኩ ኢኮኖሚን የመምራት ሐሳቡን ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች ገና በ1980ዎቹ ትተውታል። በተራው አሜሪካዊ ሕይወት ውስጥ ጸንቶ የቀረው ውርሱ በ1973 ያከተመው የግዳጅ ውትድርና ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ቢሆን በሕዝብ ጉዳይ ከሠራው ሁሉ ይበልጥ ያረካው ይኸው እንደሆነ ተናግሯል። የረታው ግን የነጻነትን ክቡርነት በመስበክ ብቻ አልነበረም። መንግሥት በበጀቱ ላይ የማይጽፈውን ወጪ ቆጥሮ፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ አሳይቶ ነው።

አሜሪካ ወጣቶቿን በሕግ አስገድዳ ማዝመት የጀመረችው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አይደለም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ1863፣ 300 ዶላር የከፈለ ሰው ከምልመላ ነጻ ይወጣ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ኒው ዮርክን ለቀናት ያናወጠው ሁከት የፈነዳውም ይህንን ገንዘብ ማግኘት በማይችለው ድሃ ቁጣ ነው። በሰላም ጊዜ መመልመል የተጀመረው ደግሞ በ1940 ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከመቋረጡ በቀር ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የአገሩ ልማድ ሆኖ ኖረ። አፈሳ አልነበረም፤ ጥሪው በደብዳቤ ይመጣል፣ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወስነውም የየአካባቢው ቦርድ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ፋብሪካ የገባው ይዘምታል። ይህን አድልዎ ለማረም ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ዋሽንግተን ውስጥ በልደት ቀን ዕጣ ወጣ። የዓመቱ 366 ቀኖች በሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብሎች ተከተው በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ተደረጉ፤ መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር። እንክብሎቹ በደንብ ስላልተደባለቁ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ቀድመው የመጠራት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ፍትሕን ለማምጣት የታሰበው ዕጣ እንኳ ሳይዛባ አልቀረም።

ፍሪድማን በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ የሰላም ጊዜ ምልመላን መንግሥት ሊተዋቸው ከሚገቡ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ነገሩ ክብደት ያገኘው ግን በ1966 መጨረሻ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደው ጉባኤ ላይ፣ ዓይነ ስውሩ የኢኮኖሚ ባለሙያ ዋልተር ኦይ ስሌቱን ሲያቀርብ ነው። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ አንድ ወጣት ወዶ ለመዝመት በወር 300 ዶላር የሚፈልግ ቢሆን፣ መንግሥት ደግሞ አስገድዶ 130 ቢከፍለው፣ የቀረው 170 ዶላር የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ከወጣቱ ኪስ የወጣ ግብር ነው። ግዳጅ ሠራዊቱን አያረክሰውም፤ ሸክሙን ከግብር ከፋዩ ሁሉ ላይ አንሥቶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ትከሻ ላይ ይጭነዋል እንጂ። ፍሪድማን የማይታይ ግብርን ጠባይ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግምጃ ቤት ሲሠራ የገቢ ግብር ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ የሚቆረጥበትን አሠራር ካዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ እሱ ነው።

ምልመላውን ያስቀረው የቬትናም ጦርነት ተቃውሞና የፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ስሌት ነው፣ ፍሪድማን ምን አደረገ? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው በሩን እንደከፈተ አልክድም። ነገር ግን ከአደባባይ የሚሰማው ጩኸት በአመዛኙ ጦርነቱ ይቁም የሚል ነበር፤ ጉዳዩን ያጠናው የ1967ቱ የበርክ ማርሻል ኮሚሽንም ምልመላው በዕጣ ይሻሻል ብሎ በፈቃደኞች ብቻ የሚቆም ሠራዊትን ሐሳብ ውድቅ አድርጎታል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ቶማስ ጌትስ የመሩት ሌላ ኮሚሽን በአንድ ድምፅ ተቃራኒውን መከረ። በመካከል የተለወጠው ሒሳቡ ነው፤ ፍሪድማንም የዚህ ኮሚሽን አባል ነበር። ጄኔራል ዌስትሞርላንድ ቀርበው የቅጥረኞች ጦር ማዘዝ እንደማይሹ ሲናገሩ፣ ታዲያ የባሪያዎች ጦር ይመርጣሉ ወይ ብሎ እንደጠየቃቸውና ደመወዝ መቀበል ቅጥረኛ ካሰኘ እሱም ጄኔራሉም ቅጥረኞች እንደሆኑ እንደነገራቸው በትዝታ መጽሐፉ ተርኳል። በ1971 የአዲስ ወታደር መነሻ ደመወዝ ከ134 ዶላር ወደ 268 ዶላር ገደማ አደገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የመመልመል ሥልጣኑ ጊዜው አልፎ ቀረ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ፣ በደመወዝ የቆመ ሠራዊት የድሆች ሠራዊት ይሆናል የሚለው ነው። በከፊል እውነትነት አለው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መኮንን ካልሆኑት የምድር ጦር አባላት ሲሦው ገደማ ጥቁሮች ነበሩ፣ በሌላው የሥራ ገበያ በራቸው ጠባብ ስለነበረ። ነገር ግን ድሃው በግዳጁም ዘመን ይዘምት ነበር፤ ያኔ የሚዘምተው በርካሽ ዋጋ፣ እምቢ ቢል እስር እየጠበቀው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የምልምሎች ጥራት ሲያሽቆለቁልም መፍትሔ የሆነው በ1980 እና በ1981 የተደረገው ከፍተኛ የደመወዝ ጭማሪ ነው፤ ይህም የፍሪድማንን ሐሳብ የሚያጠናክር ነው። በ1975 ሳንቲያጎ ሄዶ የቺሊን አምባገነን ፒኖቼን ማነጋገሩን እያነሱ የነጻነት ጠበቃነቱን የሚጠራጠሩም አሉ። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ የግዳጅ ውትድርናን ስሌት ግን አያፈርሰውም።

ስሌቱ በቂ መልስ ያልሰጠው አንድ ጥያቄ አለ። የራሱን ልጅ የማይልክ ዜጋ ጦርነትን በቀላሉ ይፈቅዳል የሚለው ስጋት ከኢራቅ ዘመቻ ጋር ተመልሶ መጥቷል፤ የምክር ቤት አባሉ ቻርልስ ራንገል በ2003 ምልመላው ይመለስ ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ግዳጁ በነበረበት ዘመን አሜሪካ ቬትናም ገብታ ለዓመታት ከመዋጋት አልታቀበችም። የተጠሪዎች መዝገብም ቢሆን ለዘለቄታው አልተዘጋም። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ስትገባ ፕሬዚዳንት ካርተር ተቋርጦ የነበረውን ምዝገባ በ1980 መልሰውታል፤ ግዴታውም ዜጎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ የገባን፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 25 የሆነን ወንድ ሁሉ ይመለከታል። ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ዜግነት ሲያመለክት ለምን እንዳልተመዘገበ ሊጠየቅ ይችላል።