ቪንቴጅ ቤዝ ጊታር፦ ታሪኩ፣ አመራረጡና አያያዙ

በአምልኮ ሰዓት የጉባኤው ዓይን የሚያርፈው በአምልኮ መሪውና በዘማሪዎቹ ላይ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው አገልጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከድራሙ አጠገብ፣ ከኋላ ቆሞ ያገለግላል። ድምፁም በጆሮ ከሚለየው ይልቅ በደረት የሚሰማው ይበልጣል። ነገር ግን አንድ እሑድ እርሱ ሲቀር መዝሙሩ መሠረት እንደሌለው ቤት ይሆናል። የድራሙን ምት ከዜማው ጋር የሚያስተሳስረው ቤዝ ነውና።

ይህን አገልግሎት የሚወዱ ወገኖች ይዋል ይደር እንጂ ስለ አሮጌ ቤዞች መስማታቸው አይቀርም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ አንድ ቤዝ በመኪና ዋጋ ሲሸጥ ያያሉ። "እውነት ድምፁ ይህን ያህል ይበልጣልን? ለአገልግሎታችንስ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያስፈልገናልን?" ብለው ይጠይቃሉ።

መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በቪንቴጅ ቤዝ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ይሸጣሉ። አንደኛው ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ዋጋውን ወደ ላይ የሚሰቅለው በአመዛኙ ዕድሜውና ያልተነካ መሆኑ ነው። አገልግሎት የሚጠይቀው ግን ድምፁን ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ብዙ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለመለየት እንዲረዳ የተዘጋጀ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝ ጊታር እንዴት ተጀመረ?

ከኤሌክትሪክ ቤዝ በፊት ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጠው ከሰው ቁመት የሚበልጠው ደብል ቤዝ ነበር። ለመሸከም ያስቸግራል፤ ከድራምና ከነፋስ መሣሪያዎች ጋር ሲጫወትም ድምፁ ይዋጣል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፖል ታትማርክ የተባለ ሰው በአሜሪካ ሲያትል ከተማ እንደ ጊታር ተይዞ የሚጫወት፣ ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን በሰፊው አልተለመደም።

መሣሪያውን ለዓለም ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝ የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ስሙ "ትክክለኛነት" ማለት ነው። ደብል ቤዝ ፍሬት ስለሌለው ተጫዋቹ ድምፁን በጣቱ እየፈለገ ያገኘዋል፤ በአዲሱ መሣሪያ ግን ፍሬቶቹ ትክክለኛውን ድምፅ ይሰጡታል። የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ሆኖ ተወሰነ፤ እስከ ዛሬም አብዛኞቹ ቤዞች በዚሁ ልክ ይሠራሉ።

ፕሪሲሽን ቤዝ በ1957 ተሻሽሎ ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። ይህም የኤሌክትሪኩን እምምታ ቀነሰ። በ1960 ሁለት ፒክአፕና ቀጠን ያለ አንገት ያለው ጃዝ ቤዝ ወጣ። ጊብሰን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ቤዙን በ1953 አቀረበ፤ የጀርመኑ ሆፍነር ቫዮሊን የሚመስለውን ቤዝ በ1956 ሠራ። ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን በ1965 መጀመሪያ ሲ.ቢ.ኤስ ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ1985 ደግሞ ድርጅቱ በገዛ ሠራተኞቹ ተገዛ።

ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ለሰብሳቢዎች 1965 ትልቅ ድንበር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የፌንደር ቤዞች "ቅድመ ሲ.ቢ.ኤስ" ይባላሉ፤ ያልተነኩት አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጣሉ። ከዚያ በኋላ ብዛቱ ጨመረ፤ የ1970ዎቹ ሥራ አንዱ ግሩም፣ ሌላው ደግሞ አንገቱ በደንብ ያልገጠመ ወይም እጅግ የከበደ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የ1970ዎቹ ቤዝ በስሙ ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ ተፈትኖ ነው የሚገዛው።

ከዕድሜው ቀጥሎ ዋጋውን የሚወስነው ኦሪጅናልነቱ ነው። ቀለሙ እንደገና የተቀባ ቤዝ በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ፒክአፕ፣ ብሪጅ፣ መቃኛ ቁልፍ ወይም የቮሊዩም ቁልፍ ሲቀየርም እንዲሁ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ እነዚህ ለውጦች ዋጋውን ይጎዳሉ እንጂ ድምፁን ሁልጊዜ አይጎዱም። ለመጫወት ለሚፈልግ ሰው፣ ቀለሙ ተለውጦ አንገቱ ግን ቀጥ ያለ አሮጌ ቤዝ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

1. አንገቱ። ከሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ነው። ከጫፉ ሆኖ በአንድ ዓይን ርዝመቱን መመልከት፣ መጣመም መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ፤ አንገቱ የሚስተካከለው በእርሱ ነው። በብዙ አሮጌ ፌንደሮች መፍቻው የሚገባው አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል ስለሆነ አንገቱን ማላቀቅ ይጠይቃል። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ከጎበጠ ጥገናው ውድ ነው።

2. መለያ ቁጥሩ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1976 ድረስ የፌንደር ቁጥር ከኋላ አንገቱን በያዘው የብረት ሳህን ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አንገቱ ራስ ተዛውሯል። ሳህኑ በብሎን የሚፈታ ነውና ከሌላ ቤዝ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

3. የአንገቱ ቀን። አንገቱ ሲፈታ ከሥሩ ላይ ብዙ ጊዜ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ይገኛል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ባለሙያ ፈትቶ ያሳያችሁ።

4. የፖቶቹ ቁጥር። ከቮሊዩምና ከቶን ቁልፎች ሥር ያሉት ፖቶች ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1376632 ቢል፣ 137 የፋብሪካው መለያ ነው፤ 66 ዓመቱን፣ 32 ሳምንቱን ያመለክታል። ስለዚህ "የ1962 ነው፤ ምንም አልተነካም" በተባለ ቤዝ ላይ ይህ ቁጥር ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ትክክል አይደለም ማለት ነው።

5. ብየዳው። የፋብሪካው ብየዳ ካልተነካ ሽቦዎቹ ተመሳሳይ አቧራና ዕድሜ ያሳያሉ። አዲስ የሚያበራ ብየዳ ካለ አንድ ነገር ተቀይሯል፤ ምን እንደሆነ ይጠየቅ።

6. ቀለሙ። የቀድሞው ስስ ላከር ሲያረጅ በቀጫጭኑ ይሰነጣጠቃል፤ ነጩም ወደ ቢጫ ይለወጣል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ እንደገና የተቀባውና የተጠገነው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሌላው ተለይቶ ይታያል።

7. ክብደቱና ድምፁ። አንድ ቤዝ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ትከሻ ላይ የሚውል ነገር ነውና ተሸክሞ መሞከር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይጫወቱበት፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚሞት ድምፅ ካለ ይለዩ።

የተሰረቀ እንዳይሆን

አሮጌ ቤዞች ውድ ስለሆኑ ይሰረቃሉ። በ1960ዎቹ በዲትሮይት ከተማ በሞታውን ስቱዲዮ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ይጠቀምበት የነበረው የ1962 ፕሪሲሽን ቤዝ እርሱ በሞተበት በ1983 ተሰርቋል። ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ላይ የገዛው ሆፍነር በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰርቆ ከ50 ዓመት በኋላ ነው ወደ ባለቤቱ የተመለሰው፤ ይህም በየካቲት 2024 ይፋ ሆነ።

ስለዚህ የሻጩን ማንነት፣ ከማን እንደገዛው የሚያሳይ ደረሰኝና የቀድሞ ፎቶግራፎች መጠየቅ አያሳፍርም። ዋጋው ከገበያው እጅግ ካነሰ "ጌታ በር ከፈተልኝ" ከማለት በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል። የሌላ ሰው እንባ ያለበት መሣሪያ ለምስጋና መሥዋዕት አይሆንም።

በገዢው በኩልም ታማኝነት ይፈለጋል። መጽሐፈ ምሳሌ 20፥14 ሲገዛ ዕቃውን የሚያጣጥል፣ ሄዶ ግን ስለ ግዢው የሚመካ ሰው እንዳለ ያሳየናል። ባሏ የሞተባት እናት ዋጋውን ሳታውቅ የባሏን አሮጌ ቤዝ ለሽያጭ ብታቀርብ፣ ዋጋውን የሚያውቅ አማኝ ሊነግራት ይገባዋል። ስናገለግልበት ሕሊናችን እንዳይወቅሰን በሁለቱም በኩል ሚዛናችን እውነተኛ ይሁን (ምሳ. 11፥1)።

ድንበር ሲሻገር

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች መሣሪያ ገዝተው ወደ አገር ቤት ይዘው ሲሄዱ ሦስት ነገሮችን ያስቡ።

አንደኛ፣ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ፌንደሮች የጣት ሰሌዳው ከብራዚል ሮዝውድ እንጨት ነው። ይህ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ስለሚደረግለት መሣሪያውን ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሌሎቹ ሮዝውዶች ቁጥጥር ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከ2019 ወዲህ ተነሥቷል፤ ለብራዚሉ ግን አልተነሣም። ያለ ፈቃድ ከተገኘ ሊወረስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካ አምፕሊፋየር በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። የኢትዮጵያው 220 ነውና ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ቤዙ ራሱ፣ አሮጌዎቹ ባትሪ ስለሌላቸው፣ በየትኛውም አገር ይሠራል።

ሦስተኛ፣ እንጨት አየሩን ይከተላል። እርጥበት ካለበት የባሕር ዳርቻ ከተማ ወጥቶ በበጋ ወደ አዲስ አበባ ደረቅ አየር የገባ ቤዝ አንገቱ ሊለወጥ ይችላል። ሁለት ሳምንት ያህል እስኪለምድ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከል ይሻላል።

አያያዝ

ከተጫወቱ በኋላ ላቡን ከክሩና ከብረቱ ላይ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ከዝገት ያድነዋል። በመኪና ውስጥ፣ በፀሐይ ወይም በብርድ አይተውት። የቀድሞው ላከር ከጎማ ጋር ሲነካካ ስለሚበላሽ፣ ጎማ ለበስ ማቆሚያ ላይ ለረጅም ጊዜ አያቁሙት። ትረስ ሮዱን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩት። አንድ ክፍል ከተቀየረ ኦሪጅናሉ አይጣል፤ በፖስታ ታሽጎ ከሳጥኑ ጋር ይቀመጥ። መለያ ቁጥሩንና ፎቶግራፉን በቤትዎ ያስቀምጡ።

ስለ ክር አንድ ቃል፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤዞች የሚሸጡት ለስላሳ ክር ተገጥሞላቸው ነበር። ሸካራው ክር ብሩህ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ፍሬቱን ቶሎ ይበላል። በብዙዎች ዘንድ "የጥንቱ ድምፅ" የሚባለው ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከለስላሳው ክርና ከተጫዋቹ ጣት ነው። ይህን ደግሞ በአዲስ ቤዝ ላይም በጥቂት ብር ማግኘት ይቻላል።

ለቤተ ክርስቲያን የሚበጀው የትኛው ነው?

ለቤተ ክርስቲያን የጋራ መሣሪያ፣ ብዙ እጅ የሚነካውና ብዙ ጊዜ የሚጓጓዝ ስለሆነ፣ አዲስ ወይም በጥሩ ሁኔታ ያለ ያገለገለ ቤዝ ይበቃል። የቤዝ ዝቅተኛ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ትንንሽ ስፒከሮች ይህን ድምፅ በሚገባ አያወጡትም። ስለዚህ በጀት ካለ ከ10,000 ዶላር ቤዝ በፊት ጥሩ የቤዝ አምፕሊፋየር መግዛት ለጉባኤው ይጠቅማል። የጥንቱን ቅርጽ ለሚወዱ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካም በጃፓንም በቀድሞው ንድፍ እንደገና የተሠሩ ቤዞች አሉ፤ ዋጋቸውም ከጥንቶቹ እጅግ ያነሰ ነው። ቪንቴጅ ቤዝ ግን በራሱ ገንዘብ ለሚገዛ፣ ለሚጫወትበትና ለሚንከባከበው ሰው መልካም ሀብት ነው።

ሀብትነቱ ግን ልክ አለው። ጌታ ኢየሱስ ብልና ዝገት ስለሚያጠፋው፣ ሌባም ስለሚሰርቀው መዝገብ የተናገረው (ማቴ. 6፥19) ለአሮጌ ቤዝ ቃል በቃል የሚሠራ ነው፤ ይዝጋል፣ ይሰረቃልም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ዋጋው ሲጨምር ብቻ የሚታይ ቤዝ ምስጋና አያመጣም። በ1ኛ ዜና 23፥5 ዳዊት ለምስጋና ያዘጋጃቸው ዕቃዎች የተነገረላቸው በአራት ሺህ ሌዋውያን እጅ ሆነው እግዚአብሔርን ስላመሰገኑ ነው።

ከላይ ያነሣነው ጄምስ ጀመርሰን፣ ሙዚቃው ዓለማዊ ቢሆንም፣ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሚሊዮኖች በሰሟቸው በአብዛኞቹ የ1960ዎቹ ሸክላዎች ላይ ስሙ አልተጻፈም። ይጫወት የነበረውም ከመደብር በተገዛ አንድ ተራ ቤዝ፣ እምብዛም በማይቀይራቸው ክሮችና በአብዛኛው በአንድ ጣቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ያ ቤዝ "ቪንቴጅ" አልነበረም፤ አዲስ ነበር። ያከበረው ሥራው ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ መሣሪያ ስንመርጥ በእውቀት እንምረጥ፤ ስንገዛ በእውነት እንግዛ፤ ከገዛን በኋላ ደግሞ እንለማመድበት። መዝሙር 33፥3 በጥሩ ሁኔታ እንድንጫወት ይጋብዘናልና። ከኋላ ቆመው በታማኝነት የሚያገለግሉትን ሁሉ ጌታ አብዝቶ ይባርክ።