በቃል የኖረ ቅርስ፦ ካሽሚርኛ

ካሽሚር ሲባል የብዙዎቻችን ጆሮ የለመደው የድንበርና የጦርነት ወሬ ነው። በሂማላያ ተራሮች መካከል ከተኛው ከዚያ ሸለቆ ግን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የግጥም ድምፅም ይሰማል።

የዚህ ድምፅ እናት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ባሕታዊት ላል ዴድ ናት። ሊቃውንቱ በሳንስክሪት በሚጽፉበት ዘመን እርሷ የልቧን ምሥጢር በሕዝቡ ቋንቋ ተናገረች። «ቫክ» የሚባሉት አጫጭር ግጥሞቿም ከአፍ ወደ አፍ ተላለፉ። ከእርሷ በኋላ የተነሣው ሱፊው ሼህ ኑሩዲን በዚያው ቋንቋ ተቀኘ። እርሷ የሺቫ አምላኪ፣ እርሱ ሙስሊም፤ ሆኖም ሁለቱን በአንድነት የሚያከብር ሕዝብ ወረሳቸው። ሙስሊሞቹ እርሷን «ላል አሪፋ» ብለው ይጠሯታል።

ቤተ መንግሥቱ ግን ለዚህ ቋንቋ በሩን አልከፈተም። ለዘመናት ፋርስኛ ነገሠ፤ በ1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኡርዱ ተተካ። ካሽሚርኛ በገዛ ምድሩ ከመንግሥት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ለመባል እስከ 2020 መጠበቅ ነበረበት፤ በ2011 በሕንድ በተደረገው ቆጠራ ግን 6.8 ሚሊዮን ያህል ተናጋሪ ነበረው።

ፊደሉም ተከፋፍሏል። ጥንታዊው ሻራዳ ከዕለት ተዕለት ጽሕፈት ወጥቶ ዛሬ የሚበዛው ጽሑፍ በፋርስ-ዓረብ ፊደል ይጻፋል፤ ከሂንዱዎቹ ብዙዎች ደግሞ ዴቫናጋሪን ይመርጣሉ። በ1990 በነበረው ሁከት ብዙ ሂንዱዎች ሸለቆውን ጥለው ተሰደዱ። እናም በስደት ያደገ ልጅ ስሪናጋር ላይ የታተመ የአያቶቹን ግጥም ማንበብ ያቅተው ይሆናል፤ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብለት ግን፣ ቋንቋውን ከእናቱ ሰምቶ ከሆነ፣ ይገባዋል።

እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መዝገብ ላይ አቀርቅሬ የምውል ሰው ነኝና ያልተጻፈ ነገር አይታመንም የሚል ልማድ አለብኝ። ይህን ልማዴን የነቀነቀው የአንድ አረጋዊ ታሪክ ነው። በ1914 ተመራማሪው ጆርጅ ግሪርሰን የላል ዴድን ግጥሞች የያዘ ጽሑፍ ቢያስፈልግ አልተገኘም፤ በጉሽ መንደር የሚኖር አንድ አረጋዊ ብራህሚን ግን ከአባቶቹ የተቀበላቸውን በቃሉ አወረደለት። በ1920 ለንደን ላይ የታተመው መጽሐፍ መነሻ ይኸው ነበር።

አረጋዊው መዝገብ ሆነ። ግን እርሱም ልጅ ሳለ የነገረው ሰው ነበረው። ዛሬ በስሪናጋርም ሆነ በስደት ያለ ወላጅ ለልጁ በካሽሚርኛ ካላወራ፣ የትኛው ፊደል ያንን ድምፅ ይመልሰዋል?