ላሟ ብቻ ስትወቀስ፦ የኮርማ ዘር ምርመራ ታሪክ ከምዕራብ ሐረርጌ ሲታይ



በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ገበያ አንዲት ላም ለእርድ ስትቀርብ ሻጩን ምክንያቱን ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ «አልያዘችም»። ደጋግማ ተዳቅላ ፅንስ ያልያዘች ላም መካን ተብላ ትሸጣለች። የኮርማው ነገር እምብዛም አይነሣም። እኔ ዛሬ ይህ ፍርድ ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ ልመርምር እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ዓይን ሊያይ ከሚችለው ነው። በ1677 ሆላንዳዊው ሊዩወንሁክ በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ የወንድ ዘር ህዋስ ሲንቀሳቀስ አየ። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ዘር ጤነኛ ዘር ነው የሚለው ግምት ሥር ሰደደ። በ1934 ስዊድናዊው የእንስሳት ሐኪም ኒልስ ላገርሎፍ የመራባት ችሎታቸው የቀነሰ ኮርማዎችን ሲመረምር በዘር ህዋሳቸው ቅርጽ ላይ የሚታየውን ጉድለት ዘርዝሮ ጻፈ። ምርመራው ከእንቅስቃሴ ወደ ቅርጽ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሆኖም ቅርጽም ከውጭ የሚታይ ነገር ነው።

በሀገራችን ሰው ሠራሽ ማዳቀል የተጀመረው በ1938 ጣሊያን በያዛት አስመራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው፤ በ1952 እንደገና ቢጀመርም የአባላዘሩና የፈሳሽ ናይትሮጅኑ ወጪ ስለ ከበደ ቆመ። በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ራሱን የቻለ አገልግሎት ተቋቋመ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል ቃሊቲ ላይ ሥራ ጀመረ። (በነገራችን ላይ ይህችን ከተማ በ1920ዎቹ ያቀኑት፣ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ሲማሩ፣ በዚያው አገር ኢልያ ኢቫኖቭ ፈረሶችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀል ሥራውን እያስፋፋ ነበር። ሁለቱ ስለ መገናኘታቸው አንድም ምልክት አላየሁም፤ መገጣጠሙ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1966፣ ማለትም የጭላሎው ሥራ ከመጀመሩ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ባርተን ግሌድሂልና ባልደረቦቹ የኮርማ ዘር ህዋስ ሲበስል በውስጡ ያለው ዲኤንኤ ከፕሮቲን ጋር ያለው ትስስር እንዴት እንደሚለወጥ መርምረው አሳተሙ። የዘር ህዋስ ዲኤንኤውን የሚሸከመው እንደ ሌላው የአካል ህዋስ አይደለም። ፕሮታሚን የሚባሉ ፕሮቲኖች አጥብቀው ይጠቀልሉታል፤ ጥቅሉም በድኝ ትስስር ይታሰራል። ጥቅሉ ከላላ ወይም ክሩ ከተበጠሰ ህዋሱ ራሱን መጠገን አይችልም። እየዋኘ፣ ቅርጹም አምሮ፣ ከእንቁላሉ ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ ጥቂቱን ስብራት ይጠግናል፤ ስብራቱ ሲበዛ ግን ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል፣ ላሟም ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ባለቤቷ የሚያየው ይህንን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

በ1980 ዶናልድ ኤቨንሰንና ሁለት ባልደረቦቹ ጉዳቱን የሚለኩበትን ዘዴ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። የዘር ህዋሱን ኒውክሊየስ አሙቀው አክሪዲን ኦሬንጅ በተባለ ቀለም ሲነክሩት ጤነኛው ዲኤንኤ አረንጓዴ፣ የተለያየው ቀይ ሆኖ ያበራል። የመራባት ችሎታቸው አጠራጣሪ ከሆነ ኮርማዎች፣ አይጦችና ሰዎች የተወሰደው ዘር ሙቀቱን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጥያቄው «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ከሚለው አልፎ «የተሸከመው ደኅና ነው ወይ?» ወደሚለው ተሻገረ።

ይህ ለእኛ አካባቢ ለምን ይጠቅማል? የኮርማ ቆለጥ ዘር በሚገባ የሚያፈራው ከአካሉ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሆልስታይን ኮርማዎችን የቆለጥ ከረጢት ለ48 ሰዓት ብቻ ሸፍኖ ቢያሞቀው፣ ከቀናት በኋላ በተሰበሰበው አባላዘር ላይ የዲኤንኤ ጥቅሉ መላላት ታየ። አንድ የዘር ህዋስ በኮርማው ቆለጥ ውስጥ ለመፈጠር 61 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የዛሬው ጉዳት የሚገለጠው ሙቀቱ ከተረሳ በኋላ ነው። የሚኤሶን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም። በተጨማሪም ሐረርጌ በሰንጋው የታወቀ አገር ነው፤ በሬው ታስሮ የማሽላ አገዳና ቅጠል በእጅ እየጎረሰ ይደልባል። ወይፈኑ ተኮላሽቶ ወደ ሰንጋነት ሲሄድ ለመራባት የሚቀረው ኮርማ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም የብዙ ጎረቤት ላሞችን ያዳርሳል። የአንዱ ኮርማ ስውር ጉዳት በመንደሩ ሁሉ «መካን ላሞች» እየተባለ ሊቆጠር ይችላል።

በሰው ሠራሽ ማዳቀል ደግሞ ጉዳዩ ይሰፋል። ከአንድ ጊዜ አባላዘር በመቶዎች የሚቆጠሩ ስትሮዎች ይሞላሉ። በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማቀዝቀዝና መልሶ ማቅለጥ በራሱ ዲኤንኤውን ሊጎዳ ይችላል። ላሞች ሆርሞን ተሰጥቷቸው በአንድ ጊዜ በሚዳቀሉባቸው ዘመቻዎች የአንድ ኮርማ ዘር በአንድ ቀን ለብዙ አባወራ ይዳረሳል፤ ካልያዘ ወቀሳው አዳቃዩ ባለሙያ ላይ ወይም ላሟ ላይ ያርፋል።

ዲኤንኤውን የሁሉም ነገር ቁልፍ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። የመኖ እጥረት፣ የናይትሮጅን መቆራረጥ፣ ላሟ ኮርማ የፈለገችበትን ሰዓት መሳት፣ የማህፀን በሽታ፣ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ውድ መሣሪያ በየዞኑ ይተከል ማለቴም አይደለም፤ አክሪዲን ኦሬንጅ ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ባለበት ማንኛውም ቤተ ሙከራ ሊሠራበት ይችላል። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፤ ሳይመረመር ላሟን ብቻ መካን ማለትን።

ለምርምር ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልጠቁም። በየስትሮው ላይ የኮርማው መለያ ቁጥር ታትሟል፤ አዳቃዮችም በመዝገባቸው ላይ ይጽፉታል። እነዚያን መዝገቦች እስከ ዛሬ ያነበብናቸው በላሟና በባለቤቷ ስም ነው። በኮርማው ቁጥር እየለያችሁ አንብቧቸው፤ ከዚያ የትኛው ቁጥር ሲደጋገም ላሞቹ እንደሚመለሱ ቁጠሩ።